ጫማ፣ ሳሙናና አግዳሚ

ጎጃም ውስጥ የአንድ ሰው እግር ማበጥ ሲጀምር ቀድሞ የሚያውቅበት ጤና ጣቢያው ሳይሆን አግዳሚው ነው። ሰንበቴ ላይ ጎኑ የሚቀመጠው ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ትንሽ ፈንጠር ይላል። ጠላ ሲቀዳ የእሱ ጣሳ ከሌላው ጣሳ ጋር አይቀላቀልም። ደቦ ሲጠራ «እሱ እንኳ ይረፍ፣ እግሩን ያመዋል» ይባልና በአዘኔታ ስም ይቀራል። «ውጣ» ያለው ሰው የለም። ግን ከዓመት በኋላ መቀመጫው በር ሥር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጭራሽ አይመጣም።

ሰብዓዊ መብት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፍርድ ቤትና እስር ቤት ነው። አብዛኛው ሰው ግን መብቱን የሚያጣው በጣሳ፣ በአግዳሚና በአማጭ ጥያቄ ነው። ዛሬ ስለ እግር እብጠት የምጽፈው ለዚህ ነው። መገለሉ ራሱ በሽታውን ያባብሰዋል፤ መከላከያውም ማስታገሻውም ደግሞ ከሞላ ጎደል በእጃችን ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ በሽታውን በስሙ እንወቀው። ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስያሜውን ያወጣው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን እግርንና አቧራን ከሚገልጹ የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው። መንስኤው አፈር ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ በጣም ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ለዓመታት ሲጠራቀሙ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፣ ይደፍናሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው አፈር የሚገኘው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቦታ ነው። የጎጃምን ደጋና ወይና ደጋ የሚያውቅ ሰው ቦታውን ለመለየት ካርታ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ከ50,000 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች 3ቱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በአገር ደረጃ የተገመተው ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂ ነው።

እንግዲህ ይህ የእግር እብጠት ተላላፊ አይደለም። ተዋሲ፣ ማለት በሽታ አምጪ ጀርም፣ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገር ምንም ነገር የለም። በጣሳ፣ በመጨባበጥ፣ በአልጋ፣ በልብስ፣ በትንኝ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ለብቻ የተቀመጠው ጣሳ ማንንም ከምንም አላዳነም።

ሰው የሚያምታታው ከሌሎች ሁለት ሕመሞች ጋር ነው፤ ልዩነታቸውን መያዝ ይጠቅማል። ሥጋ ደዌ ቆዳን ያደነዝዛል፤ የታመመው ቦታ መርፌም እሳትም አይሰማውም። የእግር እብጠት ያለበት ሰው ግን እግሩ በደንብ ይሰማዋል፣ እንዲያውም ያቃጥለዋል። ሥጋ ደዌም ቢሆን እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ስለሆነ ሰውን ማግለያ ምክንያት አይሆንም። በትንኝ የሚተላለፈው ሌላው ዝሆኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱን እግር ብቻ ይይዛል፤ እብጠቱ ወደ ጭን ይወጣል፣ ብልትንም ሊነካ ይችላል። የእኛ ደጋ እብጠት ከጣቶችና ከእግር መዳፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ የሁለቱ መጠን ግን እኩል አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ልምጣ። «በዘር ነው» የሚባለው።

ጎጃም ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይጣራል። በዚያው አጋጣሚ ሌላም ነገር ይጣራል፤ አክስቷ እግሯ አብጧል ወይ? የአባቱ ወንድም ለምን ቤት ዋለ? አንዲት እግሯ ያልታመመ፣ ጤነኛ ልጅ በአክስቷ እግር ምክንያት ጠያቂ ታጣለች። ቤተሰቡ ይህን ስለሚያውቅ የታመመውን ሰው ይደብቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ጓዳ ያስገባዋል። የተደበቀ ሰው ደግሞ አይታከምም።

እውነቱን ሳንሸፍን እንናገር፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ይዘን ብንከራከር የሚያምነን አይገኝም። አዎ፣ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ይበረታል። የዘረ መል ጥናቶችም አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ቅንጣት ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ እንደሆነ አሳይተዋል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታው አይወረስም። አፈሩ ቆዳውን ካልነካው ተጋላጩም አይታመምም። በዚያ ላይ የአንድ ቤት ልጆች የሚጋሩት ዘር ብቻ አይደለም፤ አንድ እርሻ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ የቤት ወለል፣ አንድ ጫማ የሌለው ልጅነት ይጋራሉ። አማጭ «በዘራቸው አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛው መልስ «እግር የታመመ አለ፤ ልጆቹ ግን ከሕፃንነታቸው ጫማ ካደረጉና እግራቸውን ከታጠቡ አይታመሙም» የሚል ነው። ይህን ቃል ከታማሚው ቤተሰብ ይልቅ ሽማግሌው ወይም የነፍስ አባት ቢናገሩት ይሰማል። የተጠያቂው ወገን ሲናገረው ልመና ይመስላል።

መገለሉ በሽታውን የሚያባብሰው እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እግሩ ያበጠ ሰው ገበያ ያለው ጫማ አይገባውም፤ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ አፈሩ ይበልጥ ይገባል። ወንዝ ወርዶ እንዳይታጠብ ሰው ያየዋል። ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ ሰልፍ ላይ ሰው ይሸሸዋል። ያልታጠበ እግር ጣቶቹ መሐል ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ተዋስያን ይገባሉ፣ ከዚያ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ለቀናት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ክፉ ጠረን የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ ሰው ግን ጠረኑን የበሽታው ባሕርይ አድርጎ ያየዋል። ጠረኑ የሳሙናና የውኃ ማጣት ነው።

በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ ለአንድ ዓመት የቆየ ጥናት ነበር። እግራቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ ተምረው ቁሳቁሱም የተሰጣቸው ሰዎች ይህ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ተነሥቶባቸዋል፤ ያልተሰጣቸው ደግሞ ወደ 24 ጊዜ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ ከአጨዳ፣ ከአረምና ከገበያ የተመለሰውን ቀን ይቁጠረው። በወር ሁለት ጊዜ የሚተኛ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከዚያ «ሰነፍ» የሚል ስም ይጨመርበታል።

እንክብካቤው ይህ ነው። ማታ ማታ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ፤ የጣቶችን መሐልና የቆዳውን እጥፋት በጣት እየከፈቱ። ቀጥሎ ሳፋ ውስጥ 6 ሊትር ውኃ ላይ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 3 የሻይ ማንኪያ፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ጨምሮ እግርን ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። 6 ሊትር የ20 ሊትር ጀሪካን ሢሶ እንኳ አይሞላም፤ በበጋ ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤትም የሚቻል ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ በተለይ የጣቶቹን መሐል። ቫዝሊን በስሱ መቀባት፤ የጣቶች መሐል ግን ይቅር፣ እርጥበት ይዞ ፈንገስ ያመጣል። ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጣትን ማጠፍና መዘርጋት። ቀን ካልሲና የተሸፈነ ጫማ። ፋሻ የሚታሰረው ከባለሙያ ተምሮ ነው፤ ከጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል፣ ሲጠብቅ ያቆስላል።

ስሕተት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች አሉ። በረኪናን «ይበልጥ ይግደል» ብሎ ሳያቀጥኑ መጠቀም ቆዳን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ የተዋስያን በር ነው። የተጎረበጠውን ቆዳ በምላጭ መከርከም፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እግርን በቅጠል አሽጎ ማሰር ሁሉም ቁስል ይጨምራሉ። ሕመሙ በተነሣበት ቀን ፋሻ አይታሰርም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም። ሌላው ትልቁ ስሕተት መተው ነው፤ እብጠቱ በሁለትና በሦስት ወር ቀነስ ሲል «ዳንኩ» ብሎ ጫማውን ማውለቅ። ጅማሬው ላይ የተያዘ እብጠት ሊመለስ ይችላል፤ የቆየው ግን የዕድሜ ልክ እንክብካቤ ይፈልጋል። የእግር ማቃጠልና ማሳከክ፣ የጣቶች ሥር ቆዳ መወፈር፣ ሌሊት አርፎ ማታ የሚመለስ እብጠት የጅማሬው ምልክቶች ናቸው።

ጸበል ስለሚሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። «ጸበሉን ተዉ» የሚል የጤና ባለሙያ ሰሚ ያጣል፤ መከልከልም መብቱ አይደለም። ጸበሉም እጥበት ነው። የሚያስፈልገው ከጸበሉ ሲወጡ በባዶ እግር ጭቃውን ረግጦ አለመመለስ፣ ማታም ሳሙናውን አለመርሳት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ጫማ ለሚያወልቅ ሰውም እንዲሁ፤ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ እግሩን ይታጠብ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቆመው «ይህ መርገም አይደለም፣ የአፈር ሕመም ነው» ቢሉ ግን የአሥር ስብሰባን ያህል ይሠራል።

ማኅበርና እድር ላይ ደግሞ ነገሩን በዝርዝር መያዝ ያሻል፤ እዚያ የሚሆነው ነው የሰውን ልብ የሚሰብረው። ጣሳውና ኩባያው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ በአንድ ሳፋ ይታጠብ። ለእሱ ብቻ «አዲስ ኩባያ» ማምጣት አክብሮት መስሎ የሚደረግ ማግለል ነው። አግዳሚው ላይ ቀድሞ ጎኑ የሚቀመጠው ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ወይም ቄሱ ይሁን፤ የተከበረ ሰው በተቀመጠበት ሌላው ይከተላል። ድጋፍ ስለሚያስፈልገው ብቻ አትጥሩት፤ ገንዘብ ያዥነት፣ ጸሐፊነት፣ ማኅበሩን በተራው ቤቱ መደገስ ይድረሰው። ተራው ሲደርስ «አንተ ይቅርብህ፣ እኛ እንሸፍነዋለን» ማለት የሚወጋ ቃል ነው፤ ከሚስቱ እጅ እንጀራ አንበላም ማለት መሆኑን እሱም ያውቃል። መተዳደሪያ ደንብ ያለው እድር አንድ መስመር ይጨምር፦ «ማንም ሰው በሕመም፣ በአካል ጉዳት፣ በእደ ጥበብ ሥራው ወይም በትውልዱ ምክንያት ከአባልነት፣ ከኃላፊነትም ሆነ ከማናቸውም የእድሩ አገልግሎት አይከለከልም።» በቃል የተባለ ነገር ሊቀመንበር ሲቀየር ይረሳል፤ ደንብ ላይ የተጻፈ ግን ይጠቀሳል።

ትምህርት ቤት ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ጫማ ሳያደርግ የመጣን ልጅ ከበር መመለስ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል እንጂ ጫማ አያስገኝለትም፤ ጫማ የሌላቸውን መዝግቦ ከወላጅ ኮሚቴና ከቀበሌው ጋር መፈለግ ይሻላል። ቅጽል ስም ሲወጣ ደግሞ መምህሩ በዚያው ቀን ማቆም አለበት። ዝም የተባለ ቅጽል ስም እስከ እርጅና ይከተላል።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለነርሶች፦ ቁስል በሌለው እግር ላይ ጓንት አታድርጉ። ጓንት የሚያስፈልገው ለተከፈተ ቁስል ነው። ባለሙያዋ ያበጠን እግር በባዶ እጇ ስትነካ መንደሩ ያያል፤ በጓንት ስትነካም ያያል። «እግር ያበጠባችሁ ወዲህ ተሰለፉ» ብሎ በሕዝብ ፊት መለየትም አይገባም፤ ከሌላው ታካሚ ጋር አንድ ሰልፍ ይበቃል። መንገድ ሲዘጋና ጤና ጣቢያው ቅባትና ፋሻ ሲያልቅበት፣ ሳሙናና ውኃው ብቻ እንኳ እንዲቀጥል አስቀድማችሁ አስተምሩ።

አሁን ሕጉን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ ይደነግጋል፤ ልዩነት ከማይደረግባቸው ምክንያቶች መካከል ትውልድን ያነሣል፣ «ሌላ አቋም» የሚልም ይጨምራል። ሕመም በስም ባይጠራም በዚህ ይገባል። አንቀጽ 24 የሰብዓዊ ክብርና የመልካም ስም መብት ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ሥራ ቅጥርን በተመለከተ ጠንካራው መሣሪያ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አካል ጉዳተኛን የሚተረጉመው ጉዳቱን ብቻ አይቶ ሳይሆን ከጉዳቱ ጋር የሚመጣው ማኅበራዊና ባህላዊ አድልዎ የሥራ ዕድሉን ያጠበበበትን ሰው ብሎ ነው፤ ሥር የሰደደ የእግር እብጠት ያለበት ሰው ይህን ትርጉም ይዞ መከራከር ይችላል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ሲል ሁኔታውን ካስረዳ፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሰው በአካል ጉዳቱ ከተሰናበተ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄውን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት።

ስድብን በተመለከተ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ይሠራል። ነገር ግን ክሱ የሚጀመረው በተበዳዩ የግል አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱና አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እኛ ዘንድ ጉዳዮች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ «ፋሲካ ይለፍ»፣ «አዝመራው ይግባ» እየተባለ ይጎተታል፣ ሦስት ወሩ ያልፋል። መጀመሪያ አቤቱታውን ማስመዝገብ፣ ከዚያ መሸምገል። በእርቅ ካለቀ አቤቱታውን ማንሣት ይቻላል፤ ያለፈ ጊዜን ግን መመለስ አይቻልም። «አገለሉኝ፣ አዋረዱኝ» ብሎ በደፈናው መጻፍም አይበቃም። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ የሰሙ ሰዎች ስምና በዚህ ምክንያት የቀረበት ነገር መጻፍ አለበት።

ሴቶች ላይ የሚደርሰው ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። እግሯ ሲያብጥ የምትፈታ ሴት አለች፤ ሽማግሌ ፊት «የሚበቃትን ትያዝ» ተብሎ አንድ ላምና ጥቂት እህል ይዛ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። ሕመም የጋራ ንብረትን ድርሻ አይቀንስም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለባለትዳሮች በሁለቱም ስም የሚሰጥ ነው። ደብተሩን ሳታይ፣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ያለውን መዝገብ ሳታረጋግጥ፣ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርም፣ አሻራም አታድርግ። ደብተሩ በባልየው እጅ ቢሆን መዝገቡ ቢሮ አለ።

አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

የመጨረሻው ስለ ጫማው ነው። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ግን ቀዳዳው አፈር ያስገባል፣ ያበጠ እግርንም ይልጣል። ነጠላ ጫማና በረባሶ ይህን አይከላከሉም። ያበጠ እግር በልክ የተሰፋ ጫማ ይፈልጋል፤ የከተማ ጫማ ሠሪ ሊሠራው ይችላል። ልኩ የሚወሰደው እግሩ ይበልጥ በሚያብጥበት በማታ ነው። ታማሚው ካርቶን ላይ ይቁም፣ የሁለቱም እግር ዙሪያ ለየብቻ ይሰመር፤ ከዚያ የጣቶቹ ሥር፣ የእግሩ ጀርባና ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያቸው በክር ይለካ። ቆዳው ለስላሳ፣ ጣት ላይ ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር፣ ላዩ በማሰሪያ የሚሰፋና የሚጠብ ይሁን፤ እንክብካቤው ሲሠራ እግሩ ስለሚቀንስ አሮጌው ጫማ ይሰፋል፣ የሰፋ ጫማም ይልጣል።

ቆዳ የሚያለፋውና የሚሰፋው ሰው ራሱ «ፋቂ» ተብሎ፣ ቡዳ ተብሎ ሲሰደብ የኖረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ልኩን ይዛችሁ እሱ ቤት ስትገቡ ቡና ተፈልቶ ከሆነ ተቀምጣችሁ ጠጡ፤ ካርቶኑን ከዚያ ትዘረጋላችሁ።